ደቻቱ ላይ የቆመው ጠሪ

ድሬዳዋ ላይ ስም ተደብቆ አይቀርም። ዛሬ አብሯችሁ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው ነገ ከመንገድ ማዶ በስማችሁ ጠርቶ "አቦ፣ ጠፋችሁ እኮ!" ይላችኋል። እንዲህ ባለ ከተማ፣ ደቻቱ ዳር፣ አረንጓዴ በር ባለው ግቢ ውስጥ ዓመታት የኖረችን ሴት ትክክለኛ ስም የሚያውቅ አንድ ጎረቤት አለመኖሩን ብነግራችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ። ግን እውነት ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት ሙሉነሽ በሚለው ስሟ ነው። ስሙን ያወጡላት አማቷ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ለሙሽራ ስም ማውጣት የአማት ወግ ነውና በገባች ቀን ግንባሯን ስመው ሙሉነሽ አሏት፣ በዚያው ጸና። እናት አባቷ ያወጡላት ስም አንጓች ነው።

አንጓች የተወለደችው ጣና ላይ ነው፣ ደንገሊት በምትባል ደሴት። ደሴት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ዙሪያዋን ልዙር ብሎ የተነሳ ሰው ቁርሱ ሳይበርድ ይመለሳል። አንድ ኮረብታ አለች፤ ጫፏ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከቦ ማንም ምሳር የማያነሳበት ደን፣ ከደኑ በታች የዳጉሳ እርከን፣ ከእርከኑ በታች ማንጎና ጌሾ፣ ከዚያ ደንገል፣ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያም ውኃ ብቻ። አንድ ቀበሌ ናት። ሊቀመንበሩም፣ ሚሊሻውም፣ ከሳሹም፣ ተከሳሹም የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ ደንገሊት ላይ ደግሞ ሰባት አይደለም አሥር ቤት ቢቆጠር ዞሮ ዞሮ የዘመድ ደጃፍ ላይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ የደንገሊት ሴት ልጅ ውኃ ተሻግራ ነው የምታገባው። ለዚህ ነው ደሴቲቱ ላይ ሴት ልጅ ሲወለድ "የማዶ ሰው መጣች" የሚባለው፣ ገና እትብቷ ሳይቀበር።

የተሻገረች ሙሽራ ታዲያ ዝም ብላ ወደ አባቷ ቤት አትመለስም። መጠራት አለባት። አባቷ ታንኳውን እየገፋ ባሏ ቤት ፊት ለፊት ካለው ውኃ ይመጣል፤ የአማቾቹን መሬት አይረግጥም፣ በራቸውን አያንኳኳም፣ እህል ውኃቸውን አይቀምስም። ዘንጉን ይዞ ውኃው ውስጥ ይቆምና ስሟን ይጠራል። እሷ በገዛ ጆሮዋ ሰምታ "አቤት" ትላለች፤ ትወጣለች፤ ይዟት ይሄዳል። አንዴ ከተጠራች በኋላ ዕድሜ ልኳን እንደፈለገች ብትመላለስ የሚናገራት የለም። ሳትጠራ የመጣች ግን ፈት ናት፤ አባቷ ከቤቱ ወጥቶ አይቀበላትም። ጥሪው እምቢ የሚባልበትም መንገድ አለው፣ ስድብ የሌለበት። ሴቲቱ መምጣት ካልፈለገች ከቤት ውኃ ይላክለታል። "ጠጣና ተመለስ" ማለት ነው። ውኃ የተላከበት አባት ሁለተኛ አይጠራም፤ ነገሩንም ከዚያ ወዲያ በደሴቲቱ የሚያነሳበት ሰው የለም፣ የሰውየውን ውርደት እንደ መድገም ይቆጠራልና። ከየት የመጣ ወግ ነው ብትሏቸው ሽማግሌዎቹ ታንኳን ያነሳሉ። የደንገል ታንኳ ዳር ላይ ከቆየ ውኃ ይጠጣና ይከብዳል፣ ስለዚህ ጠሪ ወርዶ ድግስ አይቀመጥም ይላሉ። ይሁን። እኔ የማውቀው ታንኳው ቢቀልላቸውም ወጉ የከበዳቸው መሆኑን ነው።

አንጓችን ድሬዳዋ ያመጣት ስለት ነው። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ የደሴቲቱን ታቦት ተስለው፣ ስለታቸው ሰምሮ፣ ለንግሥ ከልጃቸው ከዓለምሰገድ ጋር ሄዱ። ሽማግሌ ተላከ፣ ነገሩ ከረመ፣ በዓመቱ ሠርግ ሆነ። ዓለምሰገድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ እሱ ራሱ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት መኪና ይጠግናል። ደግ ሰው ነው። የደግ ሰው ቤት ደግሞ ለማምለጥ አይመችም፤ ምን ብሎ ይኬዳል? አባቷ አያ ዘገዬ ወደቡ ላይ ሲሸኟት የተናገሩት ብዙ አልነበረም። "እመጣለሁ። ጆሮሽን ክፍት አድርጊ" አሏት።

ክፍት አደረገች። መጀመሪያ ሰሞን ወደ ደቻቱ የሚያየውን መስኮት ቀንም አትዘጋው ነበር። ደቻቱ ከተማውን ለሁለት የከፈለ ወንዝ ነው፤ ወንዝ ግን በስም ነው። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ፍየል ይሄድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው አቋርጦት ቀፊራ ገበያ ይሄዳል። አንጓች ውኃ የሌለበት ወንዝ ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፣ ኋላ ፈራች። አባቴ መጥቶ የት ይቆማል? ይህን ጥያቄ ለማንም አልተናገረችውም።

ዓመት ሳይሞላት አረገዘች፤ ሃሌሉያን ወለደች። አራስ ቤት ሲባል ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ የደጋ ሰው ናቸው፤ ድሬዳዋ ስልሳ ዓመት ቢኖሩም ደጋው ከአጥንታቸው አልወጣም። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረዱት፣ በሩን በመጋረጃ ላይ መጋረጃ። "ብርድ ይመታታል" ይላሉ። ድሬዳዋ ላይ! ዶሮ ጥላ ስር ሆና አፏን ከፍታ በምታለከልክበት አገር! ሰማንያ ቀን እስኪሞላት፣ ቬንትሌተሩ ከመጋረጃው ወዲያ ሳሎን ውስጥ እያጓራ፣ አንጓች በላብ ተጠምቃ ተኛች። የውጭ ድምፅ አይሰማትም ነበር። ስትወጣ መስኮቱን መልሳ ከፈተችው።

ከዚያ በኋላ ዓመቱ በዓመት ላይ ተደራረበ፤ ጠሪ አልመጣም። ዓለምሰገድ ፈቃድ ባገኘ ቁጥር "ዘንድሮ አባትሽን አይተን እንምጣ" ይላል።

"ሳልጠራ አልሄድም።"

"እሺ እኔ ልደውልና እንዲጠሩሽ ልንገራቸው?"

አንድ ጊዜ ይህን ሲል እንደ ነብር ተነሳችበት። ባል "ጥሯት" ካለ "ውሰዱልኝ" ማለቱ ነው። እሷም ብትሆን "ለምን አትጠሩኝም?" ብላ መጠየቅ አትችልም፤ ልጅ ጥሪ ከለመነች ትዳሯ ፈርሷል ማለት ነው። መሄድ አይሆንላት፣ መጠየቅ አይሆንላት፣ ባሏም ቢያስታውስ በእሷው ላይ ነው። ግቢው በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ ባጃጅ ደጃፉ ላይ ይቆማል፤ አውሮፕላኑ ከራሷ በላይ ይነሳል። ታስራ የኖረችው በዚያ ሁሉ ክፍት በር መካከል ነው። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ደግሞ ለጎረቤት "የኔ ምራት አገሯ እንኳ አይናፍቃትም፣ ልጄ ናት" እያሉ ይኮራሉ። እሷ ይህን ስትሰማ ወደ ጓዳ ትገባና ፊቷን ታጥባ ትመጣለች።

ከወንድሟ ከሲሞን ጋር እሑድ እሑድ ይነጋገራሉ። ደንገሊት ላይ ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ጫፍ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ብቻ ነው፤ ወደቡ ላይ የስልክ ሽታም የለም። ሲሞን ከቅዳሴ ሲወጣ ይደውላል። ስለ ዳጉሳው፣ ስለ ማንጎው ትል፣ እምቦጭ የሚባለው አረም ወደቡን እንዴት እንደወረረው፣ ዓሣው እንዴት እንደሸሸ ያወራታል።

"አባዬስ?"

"ደህና ነው። ታንኳ ላይ ነው።"

ሁልጊዜ ታንኳ ላይ ነው። በበዓልም፣ በክረምትም፣ ጉልበቱ ደከመ ከተባለ በኋላም ታንኳ ላይ ነው። አንጓች ሞኝ አይደለችም። አባቴ ትቶኛል ብላ ደመደመች። ምን እንዳጠፋች ብታስብ ብታስብ አጣችው፤ ሌሊት ትራሷን ነክሳ ታለቅሳለች፣ ጠዋት ለሃሌሉያ ቁርስ ታቀርባለች። ሆድ ይፍጀው ይባል የለ፣ ፈጀው።

ባለፈው ነሐሴ ነው እንግዲህ ነገሩ የፈነዳው። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ ዘንቦ፣ ከሰዓት በኋላ ደቻቱ ቡናማ ሆኖ እያጓራ ወረደ። ሰፈርተኛው እንደ ልማዱ ከግንቡ ላይ ተደርድሮ ያያል። አንጓች ኢድል አጠገብ ተቀመጠች። ኢድል ግንቡ ስር ሻይ የምትሸጥ ሶማሌ ናት፤ በሰፈሩ ያልሰማችውና ያላየችው ነገር የለም፤ ያላየችውንም ቢሆን ትነግራችኋለች።

"ይኼ ውኃ ሰው አያውቅም" አለች ኢድል ሻዩን እየቀዳች። "ወላሂ፣ አንድ ጊዜ አንድ ደገኛ ሽማግሌ እዚህ መሃል ቆሞ ሊበላው ነበር።"

"ሰክሮ ነው?"

"ኧረ አቦ፣ ምን ሰክሮ! ንጹሕ ሰው። ነጭ ጋቢ፣ በእጁ ረጅም ዘንግ። በጠዋት መጣና 'የዓለምሰገድ ቤት ፊት ያለው ውኃ የትኛው ነው?' አለኝ። ሳቅሁ። 'ውኃው ይኼ ነው፣ አሁን የለም፣ ሲያሰኘው ይመጣል' አልኩት። ቤታችሁን በጣቴ አሳየሁት፣ ሂድ አንኳኳ አልኩት። እምቢ! ወርዶ አሸዋው መሃል ቆመ።"

አንጓች የያዘችው ብርጭቆ ከአፏ ሳይደርስ ቀረ። "ከዚያስ?"

"መጣራት ነዋ! ፀሐይዋን ታውቂያታለሽ። በዚያች ፀሐይ ቆሞ አንድ ስም ብቻ ይጠራል። 'አንጓች! አንጓች!' ማን ናት ስንለው አይመልስም። ሰፈሩን ሁሉ ጠየቅን፤ አንጓች የምትባል ማን አለች? ማንም። የእናንተ ሠራተኛ እንኳ በዚህ ስም የምትጠራ እኛ ቤት የለችም አለች፤ ደገኛ ቁራሌው ነው ያለም ነበረ። ዳመናው ሲጠቁር ፈራንና 'ውጣ፣ ጎርፍ ይመጣል' አልነው። 'ውኃ አውቃለሁ' አለ። ምን ያውቃል፣ የኛን ውኃ!"

"መቼ ነው ይኼ?"

"ሃሌሉያ የተወለደች ጊዜ። አንቺ አራስ ነበርሽ፣ መስኮቱ ሁሉ ተጋርዶ።"

ኢድል ውኃውን እያየች ቀጠለች።

"በመጨረሻ አማትሽ፣ አላህ ይስጣቸው፣ አሳዘናቸው። በሠራተኛዋ ውኃ ላኩለት፣ በጆግ፣ በረዶ ሁሉ ያለበት። ተቀበለ። አየው፣ አየው፣ አየው። ከዚያ አሸዋው ላይ ደፋው። ጆጉን ለልጅቷ በሁለት እጁ መለሰላት፣ ዘንጉን ይዞ ሄደ። በዚያ ሙቀት ውኃ የሚደፋ ሰው! እብድ ነው አልን እኔና ሴቶቹ... ሙሉነሽ? ሙሉዬ፣ ምን ሆንሽ?"

አንጓች ብርጭቆውን ግንቡ ላይ አስቀመጠች። አባቷ ከሐይቁ ዳርቻ ርቀው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ አስፋልት ረግጠው፣ አውቶቡስ ላይ አድረው፣ ቋንቋው ከተደበላለቀበት ከተማ ገብተው፣ ውኃ ሲያጡ አሸዋውን እንደ ውኃ ቆጥረው ቆመዋል። ወጉ የአማችን መሬት አትርገጥ ይላልና አልረገጡም። እሷ ደግሞ ከዚያ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታ ነበር። ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት ተኝታ ነበር! የመለሰችላቸው በረዶ የገባበት ውኃ ነው።

ግቢው ስትገባ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ በረንዳው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

"እማማ፣ ሃሌሉያ በተወለደች ጊዜ አሸዋው ላይ ለቆመ ሰው ውኃ ልከው ነበር?"

"አዬ፣ ያ ምስኪን!" አሉ ቀና ሳይሉ። "ሠራተኛዋ ናት የነገረችኝ፣ አንድ ሽማግሌ በፀሐይ ሊያልቅ ነው ብላ። ለነፍሴ ብዬ በረዶ ጨምሬ ላክሁለት። ደፋው አሉ። ምን አስታወሰሽ?"

"አባቴ ነበር።"

የምስሩ ሰፌድ ከጉልበታቸው ተንሸራተተ። አንጓች በር ላይ እንደቆመች ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስለ ጥሪው፣ ስለ ዘንጉ፣ ውኃ መላክ በደንገሊት ምን እንደሆነ። ዘጠኝ ዓመት ለባሏ እንኳ በቅጡ ያልዘረዘረችውን። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ደረታቸውን ደቁ።

"እኔ ለጽድቅ ብዬ! ውኃ ማጠጣት ኃጢአት የሆነበት አገር የት አለ? ስምሽንስ ቢጠራ እኔ መቼ ሰማሁ፣ ይኼ ቬንትሌተር ጆሮዬን አደንቁሮት... ወይ አንቺ ልጅ፣ ለምን ወጋችሁን አልነገርሽኝም?"

ወግ የሚነገረው ለማያውቅ ነው፤ አንጓች ደግሞ ውኃ ምን እንደሚል የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን አስባው አታውቅም ነበር።

ማታ ዓለምሰገድ ሲሰማ ብድግ አለ። "ነገ እንሂድ። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ከዚያ በጀልባ። አለቀ።"

"ሳልጠራ?"

"ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ብለው ያባርሩሻል? አባትሽ እኮ ናቸው!"

"ጥሪውን እምቢ ብላ፣ ውኃ ልካ፣ ኋላ ትዳሯ ሲፈርስ መጣች ነው የሚሉት። አባዬ ከቤቱ አይወጣም። ከዚህ የባሰ ሁለተኛ አላዋርደውም።"

ተከራከሩ። እሱ ንዴቱን በሷ ላይ አልተወጣም፤ ቬንትሌተሩን ግን ከነገመዱ ነቅሎ ግቢ ጣለው። እሷ እስከ እሑድ ድረስ እንዴት እንደቆየች አታውቅም። ሙቀቱ ውስጥ ከክፍል ክፍል ትመላለሳለች፤ የሲሞን ስልክ "አይገኝም" ይላል፤ ኮረብታው ላይ እስኪወጣ ማንም አያገኘውም።

እሑድ ሲደወል አንስታ ሰላምታም አላስጨረሰችው።

"ሲሞን፣ አባዬ ድሬዳዋ መጥቶ ነበር?"

"ይኼ አይወራም እኮ፣ እህቴ" አላት።

"ውኃውን የላክሁት እኔ አይደለሁም! አራስ ነበርሁ። አልሰማሁም። አማቴ የኔ ቢጤ መስሏቸው ነው የላኩለት፣ ወጋችንን አያውቁም። ንገረው። አሁኑኑ ወርደህ ንገረው!"

ሲሞን ስልኩን እንኳ ሳይዘጋ ሲሮጥ ተሰማት፤ ድንጋይ ከእግሩ ስር ሲንከባለል፣ ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። በማግስቱ ነው መልሶ የደወለው፣ ድምፁ ሻክሮ።

"ነገርኩት። ከዚያ 'በረዶ ነበረበት፣ ከልብ የጠላችኝ መስሎኝ' ብሎ አለቀሰ። አባዬ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።"

አንጓች መሬት ላይ ተቀመጠች።

"እሺ፣ አሁንስ?"

"እንደገና እጠራታለሁ ይላል። ቄሶቹም ያልደረሰች ጥሪ እምቢ እንደተባለች አትቆጠርም፣ ይቻላል ብለዋል። ግን እግሩ አይችልም። ከቤት ወደ ወደብ እንኳ ተደግፎ ነው። እኔ ልጥራት ብለው 'እኔ እያለሁማ አይሆንም' አለኝ።"

"በስልክ ይጥራኝ።"

"ብዬዋለሁ። 'ኮረብታ ላይ ቆሞ ሴት ልጅ የጠራ ማን አለ? ከውኃ ነው የምጠራት' አለ። ከውኃው ደግሞ ስልኩ አይሠራም፣ ታውቂዋለሽ።"

ደንገሊት እንዲህ ናት። ውኃው ባለበት ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርኩ ባለበት ውኃ የለም። መንግሥትም ሐይቁም ተማክረው ያደረጉት ይመስላል። ወንድምና እህት ሦስት ቀን ሲማከሩ ሰነበቱ። በመጨረሻ የተስማሙበት ይህ ነው። አባታቸው ወደቡ ላይ ውኃው ውስጥ ቆመው ይጠራሉ፤ ሲሞን ኮረብታው ጫፍ ላይ ስልኩን ወደ ወደቡ ይዘረጋል። ጠዋት ሐይቁ ዝም ይላል፤ በዚያ ሰዓት ከታንኳ የተጣራ ሰው ድምፅ ኮረብታው ላይ ጥርት ብሎ ይደርሳል። በስማ በለው ግን አይሆንም። ሲሞን ሰምቶ ቢያቀብላት ጥሪ አይደለም። በገዛ ጆሮዋ መስማት አለባት።

በቀጠሮው ቀን አንጓች ነጭ ለብሳ ጠዋት ሳሎን ተቀመጠች። ዓለምሰገድ ከሥራ ቀርቷል። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ መስኮቱን በሙሉ ራሳቸው ከፈቱት፤ ሰፈሩን "ዝም በሉ" እያሉ ዞረው መጥተዋል። ኢድል ሻዩን ትታ መጥታ በሩ ስር ቁጢጥ ብላለች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው።

አልደወለም። ረፈደ። ሙቀቱ ገባ። ማንም ቬንትሌተር የሚል የለም። ቀትር ሲሆን ነው የጮኸው።

"አባዬ ሌሊቱን ታሞ ነበር" አለ ሲሞን እያለከለከ። "እንዳይወጣ ለመንነው፣ እምቢ አለ። በቃሬዛ ነው ያወረድነው። ነፋሱ ተነስቷል እህቴ፣ ሐይቁ ተበላሽቷል። ነገ ይሁን ብለው 'ነገን ማን አየው' አለኝ። አሁን ውኃው ውስጥ ገብቷል። ሁለት ሰዎች ይዘውታል። እስከ ወገቡ ነው። ስሚ! ስልኩን ዘረጋሁት።"

ዓለምሰገድ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። ሳሎኑን ነፋስ ሞላው። የሚያጓራ፣ የሚያፏጭ፣ አንዳንዴ እንደ ሸራ የሚማታ ነፋስ። አምስቱም አንገታቸውን አስግገው ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። ሃሌሉያ ትንፋሿን ይዛለች። አንጓች ዓይኗን ጨፈነች። በነፋሱ ስር ሌላ ነፋስ፣ በዚያም ስር የቅጠል መንሿሿት። የሰው ድምፅ የለም።

"ጠራሽ!" አለ ሲሞን። "ሰማሽ?"

"እንደገና ይበል።"

ደግሞ ነፋስ። ኢድል እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ሊለጥፉት ደርሰዋል።

"ሦስተኛ ጠራ! እህቴ፣ አባዬ ይንቀጠቀጣል። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ማዕበሉ ይገፋዋል። ውጣ ይሉታል፣ 'አቤት ሳትል አልወጣም' ይላል። ሰማሽ ወይ? በጆሮሽ ሰማሽ ወይ?"

አንጓች ዓይኗን ገለጠች። አንድ የሰው ድምፅ፣ አንድ የስሟን ፊደል ብትሰማ ዕድሜዋን በሰጠች ነበር። ዘጠኝ ዓመት ወጉን ያላጣመመችው ለዚህች ቅጽበት ነው። አልሰማሁም ብትል እውነት ነው፤ እውነቱ ግን እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ የቆመ በሽተኛ ሽማግሌ ላይ ነው የሚወድቀው። ባሏ እያያት ነው። አማቷ እያዩዋት ነው።

"ሰማሁ" አለች። "አቤት ብላለች በለው። አቤት! አቤት አባዬ!"

ሲሞን ወደ ቁልቁል ሲጮህ ግን ጥርት ብሎ ተሰማ። "ሰማች! አቤት ብላለች! አውጡት!" ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሶ እየሳቀና እያለቀሰ "ወጣ፣ ወጣ፣ እያለበሱት ነው" አላት። መስመሩ ተቆረጠ።

ኢድል እልልታውን ለቀቀችው፤ ሰፈሩ ከግንቡ ወዲያ ተቀበላት። ዓለምሰገድ ትኬት ሊቆርጥ እየሮጠ ወጣ። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ።

"እኔስ ከነፋሱ በቀር ምንም አልሰማሁ" አሉ። "ጆሮዬ ሞቷል ልጄ። አንቺ እንኳን ሰማሽ።"

"ሰማሁ እማማ።"

"ምን ዓይነት ድምፅ አላቸው?"

አንጓች ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ ለማውረድ ወንበር ላይ ወጥታ ነበር። እጇ ሻንጣው ላይ እንዳለ ቆመች። አባቷም ከሁሉ በፊት ይህንኑ እንደሚጠይቋት ገባት፤ አልጋቸው ላይ ሆነው፣ እጇን ይዘው፣ "ድምፄ ደረሰሽ ወይ? እንዴት ነበር?" ይሏታል። ዓይን ዓይናቸውን እያየች መመለስ አለባት።

"ትንሽ ደክሟል" አለቻቸው ለአማቷ። "ግን የራሱ ነው።"